አራተኛው ዲስክ

ቁጭ በሉ እስቲ፣ ወንበር ያልደረሰው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ። የምነግራችሁ እዚሁ ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቤት፣ ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሆነውን ነው።

ሕዝቅኤል ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ያገላብጠዋል። ጥቁር ነው፣ ጠንካራ ካርቶን፣ ጠርዙ ወርቃማ። ፊቱ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ገመድ በትከሻው ጥሎ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ውስጡ አራት ዲስኮች በየማቀፊያቸው ተደርድረዋል።

"በእኛ ጊዜ ካሴቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው" አለ። "ምስሉም ዝናብ የሚዘንብበት ይመስል ነበር። ይኸው አሁን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ አክብረው አስቀምጠውታል።"

"እስቲ ስጠኝ" አለች የቤቱ ባለቤት ገነቴ። ዓይኗ ማየት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። የሳጥኑን ጠርዝ በጣቷ ዞረችው። "ልጄ ሲላስ ነው ከደቡብ አፍሪካ የላከልኝ። 'ጋሽ ሕዝቅኤል ይተርጉምልሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው' ብሏል።"

ሕዝቅኤል ሳል ያዘው። ከእውነተኛው ሳል ይልቅ የጭንቀት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ሕዝቅኤል ቪዲዮ ቤት ነበረው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሱ ደግሞ በትር ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በሀዲይኛ ይተረጉማል። ያንን ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ኤርጫፎ ብሎ ስም አወጣለት። ኤርጫፎ የጠፋ ታላቅ ወንድሙን ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል፣ ገደል ይወርዳል፣ ዋሻ ይገባል። ገነቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፣ ቪዲዮ ቤት አትወድም ነበር። አንድ ቀን ልጇን ሲላስን በጆሮው ጎትታ ልታወጣው ገባች፣ ኤርጫፎ ገመዱ ሊበጠስበት ነበርና የልጇን ጆሮ እንደያዘች ፊልሙ እስኪያልቅ ቆማ አየች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አልቀሩም። ሦስት ክፍል ታየ፣ አራተኛው ግን ሆሳዕና ሳይደርስ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ሕዝቅኤል ፎንቆ ገበያ ሄዶ እንኳ "ኤርጫፎ ወንድሙን አገኘው ወይ?" የሚለው አይጠፋም ነበር።

ማንም አያውቅብኝም ብሎ የሚያስበው አንድ ነገር አለ። ሕዝቅኤል ትምህርቱን ያቆመው ከሰባተኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛውን አይሰማም። የተዋንያኑን ፊት እያየ ነበር ሁሉንም ከራሱ ያወጣው። ዛሬ ደግሞ የገነቴ ልጅ ሮዳስ ሪሞቱን ይዛ ተቀምጣለች። ሮዳስ ሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት።

"ጋሼ፣ ከአንደኛው እንጀምር?" አለች።

"ሦስቱንማ እኔም በቃሌ አውቃቸዋለሁ" አለች እናቷ። "አራተኛውን ክፈቺው።"

"ጉሮሮዬ ዛሬ ደህና አይደለም" አለ ሕዝቅኤል። "ሮዳስ ብታነብልሽ አይሻልም? የተማረች ልጅ እያለች።"

"የእሷን በየቀኑ እሰማለሁ። አንተ ተነስ፣ አትኩራ።"

ተነሳ። ዲስኩ ገባ። ባለ ባርኔጣው ሰው፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ አንድ ሽማግሌ ፊት ተንበርክኮ ማውራት ጀመረ።

"ኤርጫፎ ነው" አለ ሕዝቅኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አርጅቷል። ሽማግሌውን 'ወንድሜ በዚህ አልፏል ወይ?' ይለዋል።"

ሮዳስ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ዓይኗ ሲያርፍበት እንደ ተማሪ ላበው። ቀጥሎ ሰውየው ዋሻ ገባ፣ ትልቅ ሳጥን ከፈተ፣ ወርቅ በስክሪኑ ላይ ተንቦገቦገ። ሰውየው እየሳቀ ሁለት እጁን ወርቁ ውስጥ ከተተ።

ሕዝቅኤል መተርጎሙን አቆመ።

"ምን ሆነ? ገደል ገባ እንዴ?" አለች ገነቴ።

"ገነቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አለና ወንበሩን ይዞ ቆመ። "እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። ወንድም የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም። ልጅሽ ትሰማለች፣ ጠይቂያት።"

ሮዳስ አንገቷን ደፋች። ገነቴ ግን ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

"ይህን ለመናገር ነው እንዲህ የተጨነቅከው? ሲላስ ነግሮኛል እኮ። እዚያ ሄዶ ቋንቋውን ሲለምድ ፊልሙን አገኘው። ደወለና 'እማዬ፣ ሰውየው የሚፈልገው ወርቅ ነው፣ ወንድም የለውም' አለኝ። ሲስቅ ቆየና 'የጋሽ ሕዝቅኤል ግን ይበልጣል' አለ።"

"ካወቀ ታዲያ ለምን ላከው?"

"አራተኛውን አልነገርከንማ።"

ፊልሙ ብቻ በእንግሊዝኛው ይናገራል። ሲላስ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ ይህን ማናቸውም ሊያነሱት አልፈለጉም።

ሮዳስ ሪሞቱን አነሳች። ድምፁን ቀነሰችው፣ ቀነሰችው፣ ጭራሽ አጠፋችው። ከዚያ ሪሞቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወንበሯን እናቷ አጠገብ ሳበች።

"ይቀጥሉ ጋሼ" አለች። "እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ፣ አልሰማሁትም።"

ሕዝቅኤል የገነቴን ምርኩዝ ከግድግዳው አነሳ። "ለጊዜው አውሺኝ" አላትና በጫፉ ስክሪኑን ጠቆመ። ሰውየው የሳጥኑን ክዳን እየዘጋ ነበር።

"ኤርጫፎ ወርቁን አየው፣ አየውና ሳቀ" አለ ሕዝቅኤል፣ ጉሮሮው ተከፍቶ። "'ይህን ያህል መንገድ መጥቼ ይህንን ምን ላድርገው? የእኔ ሰው የት አለ?' አለና ዘጋው። ይኸው ወጣ። ባሕር ዳር ደረሰ። ጀልባ ላይ እየወጣ ነው።"

"ወንድሙ ይመለሳል?" አለች ገነቴ።

ሕዝቅኤል ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየ።

"መንገድ ላይ ነው" አለ። "ቀስ በይ፣ መንገዱ ረጅም ነው።"

እንግዲህ ይኸው ነው። ሳጥኑ አሁንም ጠረጴዛቸው ላይ አለ፣ ስትሄዱ ያሳዩዋችኋል፣ ያማረ ነው። ስታዩት ግን አደራ፣ ያቺ መምህርት የምታውቀውን ቋንቋ እንዴት አድርጋ ዝም እንዳሰኘችው አስታውሱልኝ።