የጊዮርጊስ ኩሬ ዓሦች

ሰንበሌጥ ወንዝ ከዓለም ከተማ በታች ቁልቁል ወርዶ ጀማ ወንዝ ውስጥ ይገባል። መሐሉ ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት ድሮ ለመስኖ ብሎ የሠራው ግድብ ነበር። ጥቂት ዓመት አገልግሎ በደለል ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ውሃም አልያዘ፣ መሬትም አላጠጣ። በክረምት ከጀማ ሽቅብ ወጥቶ እላይ ጠጠሩ ላይ እንቁላሉን ሊጥል የሚመጣውን ዓሣ መግታት ብቻ ሆነ ሥራው።

ግድቡን የማፍረሱ ኃላፊነት ለጽናት ተሰጣት። ጽናት የመሐል ሜዳ ልጅ ናት፤ የዓሣ ባለሙያ ሆና ተቀጥራለች። ዕቅዱን ያወጣችውም ራሷ ነበረች። ግድቡ ከላይ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እንዲነሣ፣ ደለሉም ቀስ እያለ እንዲወርድ ነበር ያሰበችው። ከግድቡ በታች፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ በበጋ እንኳ የማይደርቅ ጥልቅ ኩሬ አለ። ወንዙ ሲመነምን ዓሣው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። የጥምቀት ውሃ የሚባረከው እዚያ ስለሆነ ከኩሬው ዓሣ ለማውጣት የሚደፍር ሰው የለም።

ግንቦት ላይ፣ ገና የላይኛው ድንጋይ እንደተነሣ፣ የኤክስካቫተሩ ሹፌር ቃለአብ በስልክ ተነጋግሮ ወደ ጽናት መጣ።

«ማሽኑን ነገ ለመንገድ ሥራ ይወስዱታል። ከክረምቱ በፊት አይመለስም አሉ።»

ጽናት ሰማዩን አየች። ሥራው ለከርሞ ሊተላለፍ ነው። ለአለቆቿ ግን ዘንድሮ እጨርሳለሁ ብላለች።

«እንግዲያው ዛሬ ጨርሰው» አለችው።

«እስከ ታች? ባንዴ?»

«ባንዴ።»

ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተሰበረ። ለዓመታት የተጠራቀመው ጥቁር ጭቃ እንደ ገንፎ እየተንተከተከ ወረደ። ጽናት ዳር ቆማ ‹ውሃው ያጠራዋል› አለች በልቡናዋ። እንደማያጠራው ታውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ የወጣው ሰው ዓሦቹን ኩሬው ላይ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈው አገኛቸው። ውሃው ደፍርሷል፤ ግን ወንዙ በየክረምቱ ይደፈርሳል፣ ዓሣ በድፍርስ ውሃ ሲያልቅ ያየ የለም። አንዱ «ብርብራ ነው!» ብሎ ጮኸ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ እንደሚገድል ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያ አካባቢ ደግሞ ዓሣ የሚነግድ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ተገኘ። ጀማ ላይ መረብ እየጣለ ዓለም ከተማ ወስዶ ይሸጣል። ሳይቆይ ሚሊሻዎች ተገኘን ይዘው ወደ ኩሬው አመጡት።

ጽናት ስትደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። የደብሩ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን «ልጄ፣ እስቲ አንቺ እዪው። ብርብራ ነው?» አሏት።

ጎንበስ ብላ አንድ ዓሣ አነሣች። የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ገለጥ ስታደርገው በጥቁር ጭቃ ተደፍኗል። ቀና ስትል ተገኘ ፊት ለፊቷ ነበር፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል።

«መመርመር አለበት» አለች።

ከአፏ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ተገኘን ወስደው ቀበሌው ቤት ቆለፉበት። እሷም ማደሪያዋ ገብታ እጇን ታጠበች፤ የዓሣው ሽታ ግን አልለቅ አላት።

በነጋታው በሯን ያንኳኳችው ኮከቤ ነበረች፣ የተገኘ ሚስት። ዓይኗ አብጧል።

«እህትዓለም፣ መረቡን በቢላ ዘለዘሉት። ትናንት ስንቅ ስወስድለት ከንፈሩ ተሰንጥቆ አገኘሁት። እኔን ማን ይሰማኛል? አንቺን ግን ይሰሙሻል። ብርብራ አይደለም በይልኝ» ብላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ጽናት ደንግጣ ያዘቻት።

«ተነሺ፣ ተነሺ እባክሽ! ለኔ አትስገጂ» አለች። «ነይ እንሂድ።»

መሪጌታና ሽማግሌዎቹ ከቀበሌው ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጽናት ቆማ ተናገረች። «ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ግድቡ በዝግታ መፍረስ ነበረበት። ቸኩዬ ባንዴ አስፈረስኩት፣ ጭቃው ወርዶ አፈናቸው። ተገኘ አንዳች አላደረገም።»



«ይህን ትናንት አላወቅሽም ነበር?» አሉ መሪጌታ።

«አውቄ ነበር አባቴ።»

«ታዲያስ?»

«ፈራሁ።»

መሪጌታ ሚሊሻውን በእጃቸው ጠቀሱት። ተገኘ ተፈትቶ ወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይቅር በለን» ሲለው እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀለት። ከጽናት አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ዓሣውን አንሥተሽ ስታዪ እኔ ዓይንሽን እያየሁ ነበር» አላት። «እንደገባሽ ያኔውኑ አውቄያለሁ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ነው ያደርኩት።»

ሚስቱን ይዞ ሄደ። ኮከቤ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ጽናት ለአለቆቿ የሆነውን ሁሉ ነገረች። «ያጋጥማል፤ ዋናው ግድቡ መነሣቱ ነው» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ነሐሴ ላይ ተመልሳ መጣች። ጎርፉ ጭቃውን ጠርጎ ጠጠሩን ገልጦታል። ግድቡ ከነበረበት በላይ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ ዓሦች ጀርባቸው እየታየ ሽቅብ ይታገላሉ። ከጀማ የመጡ ናቸው። መሪጌታ ዳር ቆመው እያዩ «ተመስገን» አሉ። ጽናት ይህን ቀን ለማየት ነበር የሠራችው፤ ደስታው ግን አልመጣላትም።

ወደ ተገኘ ቤት ወጣች። ኮከቤ ደጅ ገብስ ታሰጣለች።

«የለም» አለች ኮከቤ። «ዓለም ከተማ የሸክም ሥራ ይሠራል። ሰዉ ታርቆታል፤ እሱ ግን ወንዝ መውረድ እምቢ አለ።»

«መረቡን እኔ ልተካለት ብዬ ነበር...»

«አይቀበልሽም።»

ደመናው ሲያጉረመርም ኮከቤ ብድግ ብላ ስጡን መሰብሰብ ጀመረች። ጽናት ቦርሳዋን አስቀምጣ ከወዲያኛው ጫፍ ጎንበስ አለች። ኮከቤ አየቻት፤ አልከለከለቻትም፣ አላመሰገነቻትምም። ሁለቱም ገብሱን ወደ መሐል ይሰበስቡ ጀመር።