ረጅሙ ጥርሴ

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ፋብሪካችን የሽመና መኪና ጥገና እንድማር ምሥራቅ ጀርመን ላከኝ። እዚያም “የባሕር ዳርን ልጅ ብስክሌት ማን ያስተምረዋል!” እያልሁ ስፎክር ከነብስክሌቴ በረዶ ላይ ተዘረጋሁ። አንድ የፊት ጥርሴ ከነሥሩ ወጣ።

የጥርስ ሐኪሟ መንጋጋዬ ውስጥ ብሎን የመሰለ ብረት ቀበረችልኝ። ቁስሉ ሲድን፣ “አጥንትህ ስስ ስለሆነ ብረቱ አጭር ነው፤ ከላዩ የምናስረው ጥርስም አጭር ይሁን። ከረዘመ በነከስህ ቁጥር ብረቱን እየነቀነቀ ያላላዋል” አለችኝ።

እኔ መካኒኩ፣ ዘንግ ሲረዝም ጉልበቱ እንደሚበዛ ለሰው የማስረዳው፣ “ከጎረቤቱ ካነሰ አገሬ አልገባም!” ብዬ ሞገትኋት። ሲሰለቻት እንዳልሁት ሠራችልኝ።

ባሕር ዳር ተመልሼ ያላስፈገገኝ ነገር የለም። በስብሰባ ላይ የምርት ማሽቆልቆል ሲነገር እንኳ ፈገግ ብዬ፣ ሰብሳቢው “ጓድ አንዳርጋቸው፣ ምኑ ነው ያስደሰተህ?” ብሎ አስነሣኝ። ጥርሴን ላሳይ ነው አይባል ነገር!

በዚያው ፈገግታ የፋብሪካችንን ነርስ ፀሐይወርቅን አጨሁ።

“ይኼ ጥርስህ ይነቃነቃል፤ ሐኪም ይየው” ትለኝ ነበር።

“ዓይንሽ ነው” እላታለሁ።

ለፋሲካ በጀልባ ዘጌ ተሻግረን ወላጆቿ ቤት ገባን። አባቷ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ድፎ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና የዳር የዳሩን ለእኔ ሰጡኝ። ነከስሁ። አንድ ነገር ቀጭ አለና አፌ ቀለለኝ። ጥርሱ ከነብረቱ ዳቦው ላይ ተሰክቶ ቀረ።

መሪጌታ ብረቷን አዩ። “ወለተ ኪዳን! ዳቦሽ ውስጥ ምስማር ገብቷል!”

“በስመ ሥላሴ! በእጄ አበጥሬ በእጄ ያቦካሁት!” አሉ ባለቤታቸው ደንግጠው።

እኔ አፌን በነጠላ ሸፈንሁ። ሴትዮዋ ሊያለቅሱ ሲደርሱ ግን አልቻልሁም።

“አባታችን፣ የኔ ነው” አልሁ፤ ቃሉ በክፍተቱ እያፏጨ።

ፀሐይወርቅ ሳቋ አመለጣት። መሪጌታ ጥርሱን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ብረቱ የጥርሱን ግማሽ አያህልም።

“ልጄ፣” አሉኝ ረጋ ብለው፣ “ሌላም የሚወልቅ ነገር ካለህ ዛሬውኑ ንገረኝ።”

በግንቦት ተጋባን። ፎቶ አንሺው “ሳቁ!” ሲል እኔ ከንፈሬን ገጠምሁ። ሙሽራዬ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ፎቶው ላይ አፌ እንደ በር ተከፍቶ ይታያል፤ እሷም እኔን እያየች ትስቃለች።