ፍሪጅ ውስጥ የነጣው ዘይት

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚውሉ ሁለት ሴቶች እንዴት ዓይንና ናጫ እንደሆኑ ላውራችሁ።

አንድ አባት ምግብ ቤት ነበራቸው። ኩሽናውን የምትመራው ትልቋ ልጃቸው ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ እሳት። ወንድ ልጃቸው ሹፌር ነው። ሚስት አገባና እዚያው ኩሽና አስገብቷት መንገድ ወጣ። እህቱ ምራቲቱን ገና ከመጀመሪያው ዓይንሽ ላፈር አለቻት። «ሙሽሪት» ነው የምትላት፤ ካገባች ስንት ዘመኗ! ለሽሙጥ እንጂ ለክብር እንዳይመስላችሁ።

«ሙሽሪት፣ ሳህኑ ጣራ ሊነካ ነው እኮ!»

«መጣሁ፣ እትዬ።»

ምራቲቱን ከሳህን እጥበት የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰላጣ ማጣፈጫ። ሳታገባ ሆቴል ስትሠራ የጣሊያኖቹን ዓይነት ተምራለች። ደንበኛው እሱን ብሎ ይመጣ ጀመር። እሷም ብልጥ ናት፤ ስትሠራ ጀርባዋን ትሰጣለች። እትዬ አሠራሩን ያወቀች ዕለት ከምድጃው እንደምታባርራት ገብቷታል።

እትዬ ምን ታድርግ? ቀምሳ ልትደርስበት ብላ አንድ ማታ ከማጣፈጫው ጠርሙስ ቀነሰችና ፍሪጅ ውስጥ፣ ከጎመኑ ጀርባ ደበቀችው። ጠዋት ብታወጣው ነጭ ሆኖ ረግቷል። ደስታዋ ልክ አጣ! ምሳ ሰዓት ቤቱ ጢም እስኪል ጠበቀችና ደንበኛው መሃል ቆመች።

«አባባ፣ ይዩልኝ! ሞራ ነው የምታበላን! ለካ ጀርባዋን የምትሰጠን ለዚህ ነው!»

ሹካው ሁሉ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ሳህኗን ገፋች።

«እኔም ሆዴን ምን ነካው እያልኩ ነበር» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ሁለተኛ ሳህኑን እየጠረገ።

«እትዬ፣ የወይራ ዘይት ሲበርደው ይረጋል። ደግሞስ ማን ፍሪጅ አስገቢው አለሽ?»

«ሰማችኋት? ጭራሽ ሌባ ልታደርገኝ!»

አባትየው ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ልጄ፣ እዚሁ ሰው ፊት ሥሪውና እንይ።»

ምራቲቱ እንቢ ብትል ስሟ ሞራ አብሊ ሆኖ ሊቀር ነው፤ ብትሠራ ደግሞ እትዬ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች። መጨረሻ ላይ ያልተከፈተ ቆርቆሮ የወይራ ዘይት አስመጣች። ከሱ ጥቂት በብርጭቆ ቀድታ ፍሪጁ በረዶ ቤት አስገባችና ወደ ሰዉ ዞረች። ነጭ ሽንኩርቱን ከጨው ጋር ደቆሰች። ሰናፍጭ ጨመረች፤ ዘይትና አቼቶን የሚያስታርቀው እሱ ነው። አቼቶውን አፈሰሰችበት፣ ዘይቱን ሦስት እጥፍ አስከተለች፣ ኦሬጋኖ የሚሉትን ደረቅ ቅጠል በመዳፏ አሸችበት። ከዚያ ሁሉንም ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ ከድና ናጠችው፣ ናጠችው። የእትዬ ከንፈር እያንዳንዱን እየተከተለ ያነበንባል።

ሰዉ ምሳውን ሊጨርስ ሲል ብርጭቆው ወጣ። ነጥቷል። አባትየው በጣታቸው ቀመሱ።

«ዘይት ነው» አሉ።

እትዬ እፍረት የሚባል አታውቅ! «በሰናፍጭ ነው ይህን ያህል ስትንቀባረሪብን የከረምሽው? በይ ወደ እጥበትሽ። ከነገ ጀምሮ እኔ እሠራዋለሁ።»

ምራቲቱ አማቷን አየች። «አባባ፣ አንድ ነገር ይበሉ እንጂ።»

እሳቸው የዳቦ ፍርፋሪ በጣታቸው ይሰበስባሉ። «ታላቅሽ አይደለች? ቻያት እንግዲህ።»

ልጆቼ፣ ከሞራው ይልቅ ይቺ ቃል አንጀቷን ቆረጠችው። ሽርጧን ፈታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች።

«ስሜን አጥቤአለሁ፣ አባባ። ሳህኑን ልጅዎ ትጠበው።»

ጠርሙሱን ይዛ ወደ በሩ አቀናች።

«ጠርሙሱ የቤቱ ነው! መልሺ!» ጮኸች እትዬ።

ምራቲቱ ቆመች። ክዳኑን ከፈተችና በር አጠገብ ያሉት ሰዎች ሰላጣ ላይ እስከ ጠብታው አንቆረቆረችው። ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይኸው የቤቱ» አለችና ወጣች።