ያልሰጠምኩ ዕለት

ሰው በመስጠሙ ሲያፍር አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ባለመስጠሜ አፍሬያለሁ፤ ያውም በካሜራ ፊት፣ ያውም ልጃቸው ከውሃ በታች በቀረባቸው እናት ፊት።

ስሜ ፋንታሁን ነው፤ የነፍስ አድን ቡድን ጠላቂ ዋናተኛ ነኝ። የምኖረው ጎንደር ቢሆንም ሥራዬ ጣና ላይ ነው። ጅቡቲ ሦስት ወር ሠልጥኜ የምስክር ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፤ ይህን ያልነገርኩት ሰው ከተማው ውስጥ ካለ አምልጦኝ ነው። ባልደረባዬ አያ አወቀ ወረቀት የለውም። የሐይቁ ዳር ሰው ነው፤ ዋና የተማረው ከአባቱ ታንኳ እየዘለለ ነው፤ ሲጠልቅም በአንድ ትንፋሽ ነው።

ማክሰኞ ጧት ከእንፍራንዝ በታች ምስጋናው የሚባል ዓሣ አስጋሪ ሰጠመ። ታንኳው ሲገለበጥ በድንጋይ የተጫነው መረብ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ይዞት ወረደ። አብሮት የነበረው ጓደኛው ዋኝቶ ወጥቶ ቦታውን አሳየን። አያ አወቀ የዚያኑ ዕለት ሁለት ጊዜ ጠልቆ መረቡን በእጁ ነካው፤ ቆርጦ ለማውጣት ግን ትንፋሽ አልበቃውም። አሮጌው የአየር መተንፈሻችን ከተበላሸ ዓመት አልፎታል።

አዲስ ዕቃ ግን ነበረን። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም የጎማ ልብስ፣ የአየር ሲሊንደር፣ አየር የሚሞላ ጃኬት፣ ሁሉም ከነካርቶኑ ጎንደር መጋዘናችን ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የማይከፈተው ስላልተመረቀ ነው። ቅዳሜ እዚያው እንፍራንዝ በታች፣ ሐይቁ ዳር እንግዶች ይመጣሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ርክክብ ይፈረማል። ሰው መስጠሙን ለኃላፊያችን ስነግረው፣ «ሰውየው እንደሆነ ሞቷል። ከምረቃው በፊት ካርቶን የነካ ይጠየቃል። ቅዳሜ ያው እዚያው አይደለን? ያኔ ታወጣዋለህ» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። መሟገት እችል ነበር፤ ሥራዬን እንኳ አልነጠቅም ነበር። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ በአዲሱ ልብስ እንግዶቹ ፊት መታየት አምሮኝ ነበር።

ረቡዕ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። የምስጋናው እናት እማማ እንኳየሁ ጥቁር ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አስከሬኑ ካልተገኘ ቀብር የለም፤ ለቅሶውም በወጉ አይለቀስም። መንደርተኛው ከእሳቸው ፈንጠር ብሎ ቆሞ ይጠብቃል።

«ልጄ፣ የሚወረድበት ዕቃ አላቸው ይላሉ። ምነው አልመጣ?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ነው እማማ። ቅዳሜ ይደርሳል።»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸኋቸው። እሳቸውም፣ «እግዜር በደህና ያድርስልን» ብለው መረቁኝ።

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ። ካርቶኖቹ የተከፈቱት ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። አያ አወቀ የጎማ ልብሱን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ «ይኸማ ውፍረቱ የድሮውን እጥፍ ይሆናል። የቀበቶህን ክብደት ዳር ላይ ሳትለካ እንዳትገባ» አለኝ።

ይህን ለሱ ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ። የጎማ ልብስ ይንሳፈፋል፤ በወፈረ ቁጥር ይብስበታል። ጠላቂ ቀበቶው ላይ የእርሳስ ክብደት የሚያስረውም ለዚህ ነው። ልብስ ሲቀየር እርሳሱ እንደ አዲስ ይለካል፤ የጅቡቲው አስተማሪዬ ይህን ሳይናገር የዋለበት ቀን አልነበረም። ለመለካት ግን ዳር ላይ እንደ ጀማሪ መንቦጫረቅ ሊኖር ነው። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ካሜራው ተደቅኗል። «አውቀዋለሁ፣ አያ» አልኩና የድሮውን ስድስት ኪሎ እርሳስ ታጥቄ በጀልባ ወደ ቦታው ሄድን። ዘለልኩ።

አልሰጠምኩም። የጃኬቱን አየር በሙሉ አስወጣሁት፤ አልሰጠምኩም። ጭንቅላቴን ደፍቼ በእግሬ ብደበድበው ፊቴ ውሃ ውስጥ ገብቶ መቀመጫዬ ከውሃው በላይ ቀረ። ባዶ ጀሪካን ሆንኩ። ከድንኳኑ ሳቅ ሲነሳ መድረክ መሪው ዝግጅቱ እንዳይበላሽበት ማይኩን አፈፍ አድርጎ፣ «እንደምትመለከቱት ይህ ዘመናዊ መሣሪያ ሰው አያሰጥምም!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ኃላፊያችን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል፣ አውራ ጣቴን አውጥቼ አሳየኋቸው።

አያ አወቀ ጎትቶ አወጣኝና ጀልባዋን ወደ ዳር መለሳት። እማማ እንኳየሁ ከድንጋዩ ተነስተው ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን እስኪነካ ድረስ መጡ።

«ሸጋ ዕቃ ነው ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አያሰጥምም አሉ። ምስጋናው ግን ያለው ታች ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሚያላግጡ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት፤ አላላገጡም። ግራ ገብቷቸው ነው የተናገሩት።

«አያ፣ የእርሳሱን ሣጥን አምጣልኝ» አልኩ።

አያ አወቀ ከነልብሱ ውሃው ደረቱ እስኪደርስ ገባና ትከሻዬን ያዘ። እግሬን አጥፌ፣ ጃኬቱን ባዶ አድርጌ፣ አየር ስቤ ያዝኩ። እንዲህ ስሆን ውሃው ዓይኔ ላይ መድረስ አለበት፤ ሳስተነፍስ ደግሞ መስመጥ አለብኝ። በሰባት ኪሎ ትከሻዬ ከውሃው በላይ ቀረ። በስምንት አገጬ። ከድንኳኑ አንዱ፣ «ምነው፣ ጨርሷል አላላችሁም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። አንገቴ ድረስ ላብ አጠመቀኝ፤ ውሃ ውስጥም ይላባል ለካ።

«ምን እያደረጋችሁት ነው?» አሉ እማማ እንኳየሁ።

«እንዲወርድ እያከበድነው ነው» አላቸው አያ አወቀ።

«እንግዲያው አክብዱት» አሉ።

በአሥር ኪሎ ውሃው ዓይኔ ላይ ደረሰ። ሳስተነፍስ ዝም ብዬ ወረድኩ። ሲሊንደሩ አየሩ እየጎደለ ሲሄድ ስለሚቀል ሁለት ኪሎ ጨመርንበት። ነገሩ በሙሉ አንድ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አንድ ሩብ ሰዓት! በጀልባ ወደ ቦታው ተመለስን።

ወረድኩ። ታች ጭቃው ዓይን አያሳይም፤ በዳሰሳ መረቡን አገኘሁት፤ መረቡን ተከትዬ እጁን አገኘሁት። እጁን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ መረቡን በቢላዋ ቆርጬ ገመድ አሰርኩበትና አያ አወቀ እንዲስብ ምልክት ሰጠሁት።

ዳር ስንደርስ ሙዚቃው ተዘጋ። እንግዶቹ ከወንበራቸው ተነሱ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሲጠጋ አያ አወቀ መዳፉን የካሜራው መነጽር ላይ ከደነበትና ዳር ትቶት የነበረውን ጋቢውን አንስቶ ምስጋናውን አለበሰው። መንደርተኛው ያኔ ነው ለቅሶውን የለቀቀው፤ አራት ቀን ታፍኖ የቆየ ለቅሶ።

ቃሬዛ ሲዘጋጅ እማማ እንኳየሁ ወደኔ መጥተው እጄን ሊስሙ አጎነበሱ። ነጠቅኳቸው።

«አይመርቁኝ እማማ። ዕቃው መንገድ ላይ አልነበረም፤ ጎንደር መጋዘናችን ነበር። ሁለት ሳምንት ተቀምጧል። ማክሰኞ ማምጣት ይቻል ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።»

ይጮኹብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ። «የመጋዘናችሁ ዘበኛ የእቴ ባል ነው። ረቡዕ፣ አንተ እንደሄድህ ደውሎ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ብቆጣህ ማን ይወርድልኛል? ተቀይመህ ብትቀርብኝስ ብዬ ፈራሁ። ቁጣውን ልጄን ቀብሬ እደርስበታለሁ ብዬ አቆየሁት።» በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አሁን ግን ለሱም አቅም የለኝ።»