የእሁዱ ጀልባ

ስልኩ የጮኸው ከሐዘንተኛዋ ፍራሽ ሥር ነው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ንፍሮውን በእፍኙ እንደያዘ ዞሮ አየ። የሟች ስልክ ነበር፣ የየብርጓል። እህቷ ያለምወርቅ ከቀብሩ ወዲህ ለማንም አልሰጠችውም፤ ማጥፋቱንም አታውቅበትም። ጎትታ አወጣችና ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"እማማ የብርጓል! ይስማው ነኝ፣ ባለ ጀልባው፣ ከባሕር ዳር። እሁድ ናችሁ አይደል? ለማንም ሳልሰጥ ይዤላችኋለሁ።"

"የብርጓል ሞታለች።"

ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። "እግዜር ያጥናችሁ" አለ። "እንግዲያ እሁድን ለሌላ ሰው ልስጠው?"

"ማን ስጥ አለህ?" አለችና ስልኩን መልሳ ወሸቀችው። ምን እንደተናገረች ያሰበችው ከዚያ በኋላ ነው።

የብርጓል በየዓመቱ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ጓደኞቿን ሰብስባ ከማርቆስ በሚኒባስ ባሕር ዳር ትወስዳለች፤ ጀልባ ላይ ታሳፍርና ቀኑን ሙሉ ጣና ላይ ስታዞራቸው ትውላለች። አስተባባሪም እሷ፣ መሪም እሷ፣ ተቆጭም እሷ። ማንም አልሾማት።

ያለምወርቅ አንድም ጊዜ አብራ አልሄደችም። "አሮጊት ጀልባ ላይ ምን ትሠራለች? ዓሣ ልትሆን ነው?" እያለች ታሾፍ ነበር። እውነቱ ግን ውሃ ትፈራለች። ልጅ ሆና ጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ሊወስዳት ሲል፣ እጇን ይዛ ጎትታ ያወጣቻት የብርጓል ናት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ደግሞ ከአንዷ በቀር የለም።

ሐዘንተኛ ፍራሹ ላይ ቁጭ ይላል፤ ወጉ ነው። ያለምወርቅን ግን መቀመጫው እሳት ሆነባት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ትነሣለች፤ አግዳሚውን ታስተካክላለች፤ ንፍሮው ጨው አነሰው ብላ ወጥ ቤቱን ታተራምሳለች። ከሉማሜ የመጡ ዘመዶች ደረታቸውን እየመቱ ሲገቡ እንኳ፣ "ቀስ በሉ፣ ድንኳኑ የእድር ነው፤ ምሰሶውን እንዳትጥሉብኝ" አለቻቸው።

"አንች ሴትዮ፣ ተቀመጭ እንጂ!" አለቻት ዘመናይ። ጎረቤቷ ናት፤ ከየብርጓል የጀልባ ጓደኞችም አንዷ። "ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ንፍሮውን ይብላ።"

ዘመናይ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። "የእሁዱ ነገርስ? ሴቶቹ ይጠይቁኛል። መሪዋ ከሞተች እንግዲህ ለከርሞ ማለት ነው..."

"ወለተ ሰንበትስ? እሷም ለከርሞ ናት?"

ዘመናይ ወደ ጥጉ ዞራ አየች። ወለተ ሰንበት ድንኳኑ ጥግ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ ተቀምጣለች። የዓይን ግፊት ነው ብለዋታል። አንዱን ዓይኗን ጨርሶ ወስዶባታል፤ በቀረው የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ለከርሞ እሱም እንደማይደርስ ሐኪሙ አልሸሸጋትም። ዕድሜዋን የታመመ ባል ስታስታምም ኖራ ከደምበጫ ወዲያ ረግጣ አታውቅም። "ጣናን ሳታይ አትጨልሚም" ብላ የብርጓል ምላላት ነበር፤ ምላም በሳምንቷ ሞተች።

"ንግሥ ነው እንበል" አለች ዘመናይ። "ለነፍሷ ገዳም ልንሳለምላት ነው ካልን ማን ይናገረናል? አባም ይባርኩናል፤ አንችንም ሐዘኗን ጥላ ሄደች አይሉሽም።"

 ይህንኑ ነገር ያለምወርቅም ራሷ ለየብርጓል ብላት ታውቃለች። የዛሬ ዓመት ነው፤ የብርጓል ለመንገዱ ስንቅ ባቄላ ትለቅም ነበር።

"እታበባ፣ ገዳም ልሄድ ነው ብትይ ምን ይልሻል? ሰው አፉን ይይዝልሽ ነበር እኮ።"

የብርጓል ቀና አላለችም። "ለገዳሙማ ሄጃለሁ። በእግሬም ሄጃለሁ። ይኸ ሽርሽር ነው።"

"በዚህ ዕድሜ?"

"በየትኛው ዕድሜ ልሂድ ኖሯል? ከአባቴ ቤት ጓዳ ለባሌ ቤት ጓዳ ሰጡኝ። ካለፈልኝም እስከ አምበር ገበያ ነው። ለነፍሴ ጾሜላታለሁ፤ ዓይኔንስ ማን ያብላው? እሱንም የፈጠረው እግዜር ነው። በመላእክቱ ስም ሰርቄ ግን አላይም። ሽርሽር ነው፤ ያፈረ ይቅር።" ከዚያ የነቀዘውን ባቄላ አንሥታ ወደ እህቷ ወረወረች። "አንችም የምትቀሪ አፍረሽ ቢሆን ደግ ነበር።"

በሣልስቱ ጠዋት ሴቶቹ ከድንኳኑ ጀርባ ተሰብስበው ያንሾካሹካሉ። ዘመናይ ለሉማሜዎቹ የመጀመሪያውን ጉዞ ታወራለች። ሽርሽር ነው ተብሎ ሁሉም ቅቤውን አናቱ ላይ ጭኖ፣ ደጋ ያለ መስሎት ጋቢውን ደራርቦ ሄደ። ባሕር ዳር ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቅቤው ቀልጦ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ እየተደናበሩ፣ እየተያያዙ፣ የባሕር ዳር ዝንብ ሁሉ እየተከተላቸው ወደብ ደረሱ። የብርጓል ከሱቅ የልብስ ሳሙና ገዝታ፣ ባለ ጀልባውን "ዞር በል" ብላ፣ ሁሉንም በጣና ውሃ አናታቸውን አጠበች።

"ከዚያ ወዲህ ሚኒባሱ በር ላይ ትቆምና የያንዳንዳችንን አናት ታሸታለች። ቅቤ የተቀባች ትወርዳለች! ጀልባው ጋ ስንደርስ ደግሞ አንድ እግሯን ድንጋዩ ላይ፣ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አድርጋ፣ አንድ በአንድ እጃችንን ይዛ ታስገባናለች። እሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት።"

ሴቶቹ ሳቁ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነውር ነውና አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ያለምወርቅም እዚያው ቆማ ሳቅ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ግን ወደ ግድግዳው ዞረች። እጅ ይዛ ታስገባለች። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ የሣልስቱ ጸሎት እንዳበቃ የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ሩፋኤል አጠገቧ ተቀመጡ። አጠገቧ ያለው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

"ያለምወርቅ፣ እሁድ መንገድ አለ ሲባል ሰማሁ። ለመሳለም ነው?"

ዘመናይ ከኋላ ሆና ወገቧን በክርኗ ነካቻት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው። አዎ ካለች ሁሉም ይሄዳል፤ እሷም አትወቀስም።

"አይደለም አባ። ሽርሽር ነው።"

 ከሉማሜዎቹ አንዷ፣ "እህቷን ቀብራ!" አለች፣ እንድትሰማት አድርጋ።

"ቀብሬ፣ አዎ" አለች ያለምወርቅ ዞራ። "አንችም አብረሽኝ ነበርሽ፤ ደረትሽን እስክትጨርሽ ስትመች አይቼሻለሁ።" ከዚያ ወደ ቄሱ ተመለሰች። "የብርጓል በሕይወቷ ያልዋሸችውን በሬሳዋ አልዋሽባትም። ሴትዮዋ ዓይኗ እየሄደ ነው። እኔ ካልመራኋቸው የሚመራቸው የለም።"

"ሐዘንሽንስ?"

"ይዤው ነው የምሄድ። ወዴት እጥለዋለሁ?"

 ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እኔ ዕድሜ ተጭኖኛል፤ ጆሮዬ ደክሟል፤ ሽርሽር የሚባል ነገር አልሰማሁም" አሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። "ያችን ዓይነ ደካማ ግን ፀሐዩን በጀርባዋ አድርጊላት። ፊት ለፊት ከሆነባት የምታየው ነጭ ብቻ ነው።"

እሁድ ገና ሳይነጋ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ሚኒባሱን ከበቡት። ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ የያንዳንዳቸውን አናት አሸተተች።

"ዘመናይ፣ ውረጅ!"

"ኧረ በሐዘን ማን ቅቤ ይቀባል?"

"ይኸ ምንድን ነው ታዲያ፣ ላብ ነው?"

"ትንሽ ናት፣ ለራስ ምታቴ..." እያለች ዘመናይ ወረደች፤ በጀሪካን ውሃ ታጥባ ተመለሰች።

ደምበጫን ሲያልፉ ወለተ ሰንበት፣ "ከዚህ ወዲያ ለእኔ ሰው አገር ነው" አለችና አንገቷን እየጠመዘዘች በዚያች ቀዳዳዋ መስኮቱን ሁሉ ለቀመችው። ያለምወርቅ ግን ውጭውን አላየችም። እጆቿን ጉያዋ እንደከተተች ባሕር ዳር ደረሰች።

ውሃው ከፈራችው በላይ ነበር። ጨሞጋ ቢያንስ ማዶ አለው።

"መሪዋ ማን ናቸው?" አለ ይስማው፣ ጀልባውን በገመድ እንደያዘ።



"እኔ ነኝ" አለች ያለምወርቅ። "ምን ታፈጣለህ? ጠጋ አድርገው።"

አንድ እግሯን ድንጋዩ ላይ ተከለች። ሌላውን ጀልባው ላይ አሳረፈች፤ ጀልባው ከሥሯ ሸሸ፣ ተመለሰ። ዓይኗን አልጨፈነችም። እጇን ዘረጋችና መጀመሪያ ወለተ ሰንበትን ያዘች፤ አስገብታ ከፊት፣ ፀሐዩን በጀርባዋ አድርጋ አስቀመጠቻት። ተመልሳ ዘመናይን፣ ከዚያ ሌላዋን፣ ከዚያ ሌላዋን። 

"ኧረ እናንተ!" አለች ወለተ ሰንበት ከፊት። "ይኸ ሁሉ ውሃ ነው? ማለቂያውስ?"

"የለውም። ዝም ብለሽ እይ" አለቻት ዘመናይ።

ይስማው ሞተሩን አስነሣ። "ሁሉም ገቡ?"

"ገቡ" አሉ ሴቶቹ።

ያለምወርቅ ግን አንድ እግሯ አሁንም ድንጋዩ ላይ ነበር። እጇን ማንም ወደሌለበት ወደ መሬቱ ዘርግታለች።

"እማማ፣ የቀረ ሰው አለ?"

 ጀልባው ትንሽ ወዘወዛት። ጣቶቿን የሰው እጅ እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ ጨበጠች፤ ወደ ራሷ ሳበች፤ ከዚያ እግሯን ከድንጋዩ አነሣች።