የተደፈነው ቦይ

ቧንቧ ሠራተኛዋ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስታስወጣ ኖራ፣ አሁን ደግሞ ውሃ ልታቁር ተነሣች ብሎ ሰፈሩ ሳቀባት። ይሳቅ። ከጓሯቸው ያለውን ረግረግ አባቷ በወጣትነቱ ቦይ ቀዶ አድርቆት ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሊገባ ሲል ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቦዩን ይጠርጋል፤ አባትየው ከሞተም በኋላ ጠረጋው አልቀረም። የደረቀው መሬት ግን ለፍሬ አልበቃም፤ በበጋ ይሰነጠቃል። የውሃ ጉድጓዳቸውም አብሮ ነጠፈ፣ ወፎቹም ጠፉ።

ባለፈው ዓመት የጠረጋው ቀን ሲደርስ ሁሉንም ቀድማ ወጣችና የቦዩን አፍ በድንጋይና በጭቃ ጠቅጥቃ ደፈነችው። ውሃው ሲተኛ ጎረቤቱ ትንኝ ሊጨርሰን ነው ብሎ አበደ። ቀስ በቀስ ደንገሉ በቀለ፣ እንቁራሪቱ መጣ፣ ትንኙን የሚለቅም ወፍም ተከተለ። ጉድጓዱ ውሃ የቋጠረ ዕለት ቧንቧ ሠራተኛዋ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ጋራዥ ያለው ታላቅ ወንድሟ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ቦታው ላይ ሁለተኛ ጋራዥ ሊሠራ አስቦ ነበር። ዘንድሮ በጠረጋው ቀን አካፋውን ተሸክሞ መጣ። የአባታችንን ልፋት መና አስቀረሽው፣ እማዬንም በእንቁራሪት ጩኸት እንቅልፍ ነሣሻት አላት። እማዬ ማማረሯ እውነት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ምሬቷን የምትሰማው ቧንቧ ሠራተኛዋ ራሷ ናት። እሱ ወደ ድፍኑ ሲያመራ ግን ቀድማው ቦዩ ውስጥ ገባች።

«ጋሼ፣ መክፈት ከፈለግክ መጀመሪያ እኔን ዝቀህ አውጣ።»

አካፋውን አነሣ፣ መልሶ አወረደው። ይኼኔ እናታቸው ከዘራዋን ተመርኩዛ ደረሰች። የወንድምየው ፊት በራ፤ እማዬ ሁሌም የምታደላው ለእሱ ነው። እስቲ ንገሪያት አላት።

«አባታችሁ ሳያደርቀው በፊት እዚህ ደንገል ቆርጬ ምንጣፍ እየሠራሁ እሸጥ ነበር» አለች እናትየው። «ሲያደርቀው አልጠየቀኝም። አንቺም ስትሞይው አልጠየቅሽኝም፤ አንተም አሁን አልጠየቅከኝም።»

 እናትየው ጫማዋን አወለቀች። ልጇ ሊደግፋት ሲል እጁን መታ አደረገችና ብቻዋን ውሃው ውስጥ ገብታ ደንገሉን ጨበጠች።

«አካፋውን እዚያው ጣልና ቢላ አምጣልኝ» አለችው።

ወንድምየው ትንሽ አንገራገረና አካፋውን ጥሎ ወደ ቤት ሄደ። ቧንቧ ሠራተኛዋ ግን ቢላውን ይዞ እስኪመለስ ድረስ ከቦዩ ንቅንቅ አላለችም።