ለብቻ የማይሆን ጨዋታ

ዕፀገነት የሕፃናቱን ክፍል ስትከፍት መጀመሪያ የተቀበላት የፍየል በጠጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ በሩን የሚጠብቅ ሰው አልነበረምና፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የአካባቢው ከብት እየገባ ሲጠለልበት ከርሟል። ከኮሌጅ ወጥታ እዚህ እንደተመደበች በገዛ እጇ ግድግዳው ላይ የሳለቻቸው አንበሳና ዝሆን ከወገባቸው በታች ታሽተው ጠፍተዋል። አልከፋትም። መጥረጊያ ያዘች፣ ከምንጭ ውሃ አስመጣች፣ ቀኑን ሙሉ ስታጥብ ዋለች።

ትምህርት ቤቱ ከወገዳ ከተማ ራቅ ብሎ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ ላይ ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደወል አልተደወለበትም። በዚህ ዓመት ጥቅምት ሲገባ ግን የአገር ሽማግሌዎች ከወዲህም ከወዲያም ካለው ታጣቂ ጋር ተነጋግረው ትንንሾቹ እንኳ ይጀምሩ ተባለ። ዕፀገነት ይህን በሰማችበት ቀን ደስታዋ ልክ አጣ። ትምህርት ቤቱ በተዘጋባቸው ዓመታት ወላጆቿ ቤት ተቀምጣ ሽሮ ስታምስና ምስር ስትለቅም፣ ልቧ ግን ልጆቹን እንዴት እንደምታቀማምጥ፣ ምን ምን እንደምታጫውት ሲያስብ ነበር የኖረው።

ርዕሰ መምህሩ ጋሽ እሱባለው ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ሰሌኑን በሦስት ቦታ ከፋፍላ ስታነጥፍ በር ላይ ቆመው አዩዋት።

«ፊደሉን ብታስቆጥሪያቸው አይበቃም ወይ?» አሏት።

«ፊደሉን በኋላም ይደርሱበታል ጋሼ። እነዚህ ልጆች እኮ ከጓዳ ሳይወጡ ነው ያደጉት። ከሰው ልጅ ጋር መጫወት አያውቁም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ባቄላ ምን ሊሆን ነው?»

አስረዳቻቸው። ለአንዱ ልጅ ባቄላ፣ ለሌላው አተር፣ ለሦስተኛው ምስር ትሰጣለች። ሦስቱ ተራ እየጠበቁ መሬት ላይ በመስመር ይደረድራሉ፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ እንደገና ባቄላ። አንዱ ካኮረፈ ወይም ከተነሣ መስመሩ እዚያው ይቆማል። ሌላም አላት፤ የተፈታ ጆንያ አራት ልጆች በአራት ማዕዘን ይይዙና መሐሉ ላይ የጨርቅ ኳስ ያነጥራሉ። አንዱ እጁን ከለቀቀ ኳሱ ይወድቃል። ያሰበችው ጨዋታ ሁሉ እንዲህ ነበር፣ አንድ ልጅ ብቻውን የማይጨርሰው። ጋሽ እሱባለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይስማሙ አይስማሙ ሳይታወቅ ወጡ።

ልጆቹ በእናቶቻቸው ቀሚስ ተጠቅልለው መጡ። መጀመሪያ የሆነው ነገር ለቅሶና ጠብ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ የደረሰውን ባቄላ በጉያው ወሽቆ ለሌላው ፊቱን አዞረ። አንዱ ምስሩን በላው። ዕፀገነት ማታ ማታ ቤቷ ሆና የሚጣሉትን እያራራቀች፣ ዝምተኛውን ከለፍላፊው ጋር እያጣመረች ቡድኖቹን እንደ አዲስ ትደለድላለች።

ከሁሉ ያሳሰበቻት ፀደይ ነበረች። ያመጣቻት እናቷ ዘነበች ናት፤ ባሏ ለገበያ ወገዳ እንደወጣ ሳይመለስ የቀረባት ሴት።

«ጆሮዋ ደህና ነው፣ ይሰማል» አለቻት ዘነበች ልጅቱን ወደፊት ገፋ አድርጋ። «አባቷ ከቀረ ወዲህ ግን ቃል ወጥቷት አያውቅም። ጠበልም አስጠምቄያታለሁ። ያላደረግሁት የለም። እስቲ አንቺ ደግሞ ሞክሪያት።»

ዕፀገነት ፀደይን ማቴዎስ ከሚባል ለፍላፊ ልጅና ቤቲ ከምትባል ደልደል ያለች ልጅ ጋር አስቀመጠቻት፣ አተሩንም ለእሷ ሰጠች። ፀደይ ስንት ቀን እጇን ሳትዘረጋ ቆየች። ማቴዎስ እየለፈለፈ ይጠብቃታል፣ ሲሰለቸው ይነሣል፣ ጨዋታው ሲናፍቀው ተመልሶ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት አተሯን አስቀመጠች። ከዚያ ማስቀመጥ ለመደች።

በኋላ አንድ ቀን ዕፀገነት ጀርባዋን ሰጥታ የሌላ ልጅ ንፍጥ ስትጠርግ፣ ማቴዎስ ቸኩሎ የፀደይን ተራ ዘለለ።

«ተራው የኔ ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቀጭን፣ ጉንፋን እንደዘጋው ያለ ድምፅ ነው። ዕፀገነት ዞር አላለችም። ብትዞር የሚሰበር መሰላት። መሐረቡን እንደያዘች ቀረች፤ ድምፁ ደግሞ መጣ፣ አሁን ቆጣ ብሎ።

ዕፀገነት ነገሩን ስትነግራት ዘነበች አላመነችም። «አትሸንግይኝ እህቴ» አለቻት። በማግስቱ ግን ተደብቃ ከግድግዳው ኋላ ቆመች። ፀደይ ከማቴዎስ ጋር ስትከራከር በጆሮዋ ሰማች። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ልጆቹ እስኪለቀቁ ሳትነሣ ቆየች።

ትምህርቱ ከተጀመረ ገና ወር አልሞላም ነበር። ከገደሉ ማዶ ባለው ቀበሌ ሰው ለተዝካር ተሰብስቦ ሳለ ከሰማይ የድሮን እሳት ወረደበት። ማን እንዳደረገው ሁሉም የየራሱን ያወራል። ድምፁ ሲመጣ የዕፀገነት ልጆች ጆንያውን ወጥረው ይዘው ነበር። ሁሉም እጃቸውን ለቀቁ። ዕፀገነት በግድግዳው ጥግ አስቀምጣ፣ ክንዷን የቻለችውን ያህል ዘርግታ አቀፈቻቸው። ወላጆች እየሮጡ መጡ። የራሱን ልጅ ያገኘ በጀርባው አዝሎ፣ ሌላውን ዞር ብሎ ሳያይ ቁልቁል ወረደ። በማግስቱ ማንም አልመጣም።

ዕፀገነት ቤት ለቤት ዞረች። የማቴዎስ አባት ንጋቱ በአክብሮት ተቀብሎ ጠላ አስቀዳላት፣ ሐሳቡ ግን ቁርጥ ያለ ነበር።

«አንቺን ፈርተን አይደለም፤ መሰብሰቡን ነው። ቤቴ መጥተሽ ልጄን ለብቻው አስተምሪልኝ፣ እጄን ዘርግቼ እቀበልሻለሁ። ከሌላ ልጅ ጋር ግን አላስቀምጠውም።»

«ሦስት ብቻ ይሁኑ። ሦስት ሕፃን ተቀመጠ ተብሎ ስብሰባ ይባላል?»

«እናቶቻቸው ሲጨመሩስ? ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሕፃናት መሆናቸውን ማን ይነግረዋል?»

ዕፀገነት ተነሣች። ጠላውን ሳትነካ ወጣች።

ወደ ደብሩም ሄደች። መሪጌታ ገብረ መድኅን በወጣትነታቸው በድጓ ማስተማሪያዋ በቤተ ልሔም ደብር የተማሩ፣ ከዛፎቹ ሥር የቆሎ ተማሪ ሰብስበው ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጆቹን እሳቸው ዘንድ ብታመጣ ወላጅ አይፈራም ብላ ነበር። ስትደርስ የተማሪዎቹ ጎጆዎች በራቸው ተከፍቶ ኦና ሆነዋል።

«እኔው ነኝ ሂዱ ያልኋቸው» አሏት መሪጌታ። «በተማሪነቴ ረኃብም ወረርሽኝም አይቻለሁ፤ ጉባኤ ሲፈታ ግን አላየሁም። በኔ እጅ ተፈታ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል የኔታ?»

«የሚሻለውን ባውቅ እኔው ባደረግሁት ነበር፣ ልጄ።»

የቀራት ፀደይ ናት። ባቄላውን፣ አተሩንና ምስሩን በከረጢት ይዛ ዘነበች ቤት ሄደች። አንዱን ድርሻ ራሷ ያዘች፣ አንዱን ለዘነበች ሰጠች፣ አተሩን ከፀደይ ፊት አፈሰሰች። ልጅቱ አተሩን አየችው፣ ቀጥላ በሩን አየች። ጥቂት ቆይታ አንድ ፍሬ አስቀመጠች። ዕፀገነት ሆን ብላ ተራዋን ዘለለችባት። ዘነበች የልጅቱን አፍ አፍ አየች። ፀደይ አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም። የቀረውን አተር በመዳፏ ሰብስባ ወደ ዕፀገነት ገፋችላትና ዓይኗን መልሳ በሩ ላይ ተከለች።

ዕፀገነት መመላለሷን አላቋረጠችም። ጨዋታውን ለዋወጠች፣ ተረት አወራች፣ ድምፅዋን እንደ ማቴዎስ እያደረገች ለፈለፈች። ሁልጊዜም ፀደይ የምታየው በሩን ነው። በመጨረሻ ዘነበች ደጅ ድረስ ሸኝታ አስቆመቻት።

«እንዳትቀየሚኝ» አለች። «ሌሎቹ ይከተሉሻል ብላ እኮ ነው በሩን የምታየው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እስኪጨልም ከመዝጊያው ሥር አትነሣም፣ እህል አትቀምስም። ባትመጪ ትረሳው ይሆናል። ይቅርብን።»

«ተናግራ ነበር እኮ። በጆሮሽ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር።»

ዕፀገነት ከዚያ በኋላ ያንን ደጅ አልረገጠችም። ኅዳር ጠባ፣ ገብሱ ደረሰ። ጋሽ እሱባለው የሕፃናቱን ክፍል በሰንሰለት ቆለፉትና ወደ ንፋስ መውጫ፣ ልጃቸው ዘንድ፣ ሄዱ። «አንቺም ወደ ቤተሰብሽ ሂጂ» ብለዋት ነበር። የኛ አገር መንገድ ሲከፈት እሄዳለሁ አለች።

አንድ ቀን በሜዳው ስታልፍ ዘነበችን ከሩቅ አየቻት። ብቻዋን ታጭዳለች። በሌላ ዓመት ቢሆን ባል ለሌላት ሴት አገሩ በደቦ ወጥቶ በአንድ ቀን እየዘፈነ ይጨርስላት ነበር፤ ዘንድሮ ደቦ የሚጠራም የሚመጣም የለም። ሁሉም በየማሳው ለየብቻው ጎንበስ ብሏል። የዘነበች ገብስ ከደረሰ ስለቆየ፣ ዛላው በተነካ ቁጥር ይረግፋል። ፀደይ ከዳር፣ ነዶ አጠገብ ተቀምጣለች። ዕፀገነትን አየቻት፤ ከዚያም ከኋላዋ ያለውን መንገድ። ወዲያው ፊቷን አዞረች።

ዕፀገነት ነዶው ላይ ተጥሎ የነበረውን ሌላ ማጭድ አነሣችና ከዘነበች ጎን ጎንበስ አለች።

ዘነበች ቀና ብላ ሰማዩን ቃኘች።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች በዝግታ። «ግን በወዲያኛው ጫፍ ሁኚልኝ። አንድ ላይ አንሁን።»

ዕፀገነት ማሳውን ዞራ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደች። ከዚያም ከዚህም ሆነው፣ አንዷ የሌላዋን ድምፅ ሳትሰማ ሲያጭዱ ዋሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ የማሳው እኩሌታ እንኳ አልታጨደም፣ ከታጨደውም ብዙው መሬት ላይ ረግፎ ቀርቶ ነበር።